ባሕር ዳር፦ ከእግዜር እንግዳ እስከ ሪዞርት

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ቱሪዝም ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ዘንድሮ ስንት ቱሪስት ገባ?» የሚል ነው። የባሕር ዳርን ታሪክ ከሥሩ ለሚያይ ሰው ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ቱሪስቱ በቀረባቸው ዓመታት ከተማዋን ያቆማት ማን ነው?

ጥያቄው ለታሪክ ጨዋታ ብቻ የሚነሣ አይደለም። ዛሬ በጣና ዳር የተደረደሩት ሆቴሎች አልጋቸው እንደ ድሮው የሚሞላበትን ቀን ይጠብቃሉ። ጀልባ ነጂውና አስጎብኚው ስልኩ እስኪጮህ ይጠብቃል። ሰላም ሲወርድ «እንግዳውን እንዴት እንመልሰው?» የሚል ዕቅድ መነደፉ አይቀርም። ያ ዕቅድ ከመነደፉ በፊት ግን ከተማዋ ለእንግዳ ስትል ምን እንደሠራች፣ ምን እንዳገኘችና ምን እንዳጣች ማየት ይገባል።

ባሕር ዳር ባሕር የላትም፤ አባቶች ትልቅ ውሃን ሁሉ ባሕር ስለሚሉ ነው ስሙን ያገኘችው። ምጽዋና አሰብ በ1993 ከኤርትራ ነፃ መውጣት ጋር ከሄዱ በኋላ ደግሞ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ውሃ ዳር መናፈስ ማለት ጣና፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ማለት ሆኗል። ከነዚህ ሁሉ ትልቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ጣና ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከተማዋን ታሪክ ለመከተል ቀላሉ መንገድ ማደሪያ የሚጠራባቸውን ቃላት መከተል ነው። የእግዜር እንግዳ፣ አልቤርጎ፣ ሆቴል፣ ፔንሲዮን፣ ሪዞርት። እያንዳንዱ ቃል አንድ ዘመን ነው።

▪️ የእግዜር እንግዳ

ባሕር ዳር ከተማ ከመሆኗ በፊት ባሕር ዳር ጊዮርጊስ የምትባል የቤተ ክርስቲያን መንደር ነበረች። በጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ዛሬም የቆመ ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት የነበረው የስፔን ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ያሠራው ነው ይባላል።

በዚያ ዘመን ወደ ሐይቁ የሚመጣው እንግዳ ነጋዴና ተሳላሚ ነው። ነጋዴው ለገበያ፣ ተሳላሚው ደግሞ ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ይሄዳል። ዳጋ የነአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነአፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ደሴት ነው። መንገደኛው የመሸበት ቦታ ላይ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ሒሳብ የለም። ሐይቁን የሚያሻግረው ከደንገል የተሠራው ታንኳ ነበር፤ ታንኳውን በመሥራትና በመቅዘፍ ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ደግሞ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ስለነሱ ወደ ኋላ ይመጣል።

ከሩቅ የመጣው ፈረንጅ ግን መንደሯን ሳይሆን ውሃውን ፈልጎ ነው የመጣው። ፓኤዝ በ1618 የዓባይን ምንጭ አየ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1770 መጥቶ ፏፏቴውንም ምንጩንም ጎበኘና አገሩ ሲመለስ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ብሎ ተከራከረ፤ የፓኤዝን ምስክርነትም አጣጣለ። ሁለቱ አውሮፓውያን ማን ቀደመ በሚል ሲፎካከሩ፣ ከምንጩ አጠገብ ተወልደው እዚያው ያረጁትን ሰዎች የቆጠረ አልነበረም። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ደግሞ ሐይቁን ዞሮ ገዳማቱን መዝግቦ፣ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 አሳተመ።

የባሕር ዳር የመጀመሪያ ምስል እንግዲህ ይህ ነው፦ በራሷ የማትታይ፣ ወደ ሌላ ነገር የሚታለፍባት ደጃፍ።

▪️ አልቤርጎ

በ1936 ጣሊያን ገባ። የባሕር ዳርን ቦታ ያየው በወታደር ዓይን ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራ፤ በሐይቁ ላይ ከጎርጎራ የሚያገናኝ የሞተር ጀልባ አሰማራ። መንደሯ የጦርና የአስተዳደር ጣቢያ ሆነች።

ከጦሩ ጋር ሌላ ሐሳብም ገባ። በ1938 የጣሊያን የቱሪዝም ማኅበር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቱ ወፍራም የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ። አርበኛው በየጫካው እየተዋጋ ባለበት ሰዓት አገሪቱ ለጎብኚ በገጽና በኪሎ ሜትር ተከፋፍላ ቀርባለች። ቱሪዝም ለገዢ ምን እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም፤ «አገሩ ተረጋግቷል፣ መጥታችሁ እዩ» የሚል ማስታወቂያ ነበር።

ጣሊያን በ1941 ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ። አልቤርጎ። በገንዘብ የሚከራይ የአንድ ሌሊት ክፍል። የሹፌርና የነጋዴ ማደሪያ የሆነው አልቤርጎ በየከተማው ዘለቀ፤ በየመንገዱ ዳር ያሉ ቡና ቤቶችም ከጀርባቸው ክፍል እያከራዩ እንግዳ ማሳደር ያዙ። የእግዜር እንግዳ ባለ ሒሳብ እንግዳ ሆነ። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የመጀመሪያው የተከፈለበት አልጋ የተኛበት ሰው ቱሪስት አለመሆኑ ነው። መንገደኛ ነው።

▪️ ሆቴል

ባሕር ዳር በእውነት ከተማ የሆነችው በ1960ዎቹ ነው። በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከፈተ፤ ገንዘቡ ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተማሪ መቀበል ጀመረ። ዓባይ ላይ ድልድይ ተሠራ። በ1964 የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ11.4 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ። ማክስ ጉተር የሚባሉ የጀርመን ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋር ማስተር ፕላን አዘጋጁላት፤ ሰፋፊ ጎዳናና የዘንባባ ተርታ ያላት ከተማ የምትታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ዓባይን ቁልቁል የሚያይ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ዋና ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነበር የሚለው ወሬም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲነገር ኖሯል።

በዚሁ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ሥራ ተጀምሯል። በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ፤ መሪው «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር የፈጠሩት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአውሮፕላን የሚዞሩበት ታሪካዊ መስመር ለዓለም ቀረበ። በዚህ መስመር ባሕር ዳር የተሰጣት ድርሻ ውሃ ነው፦ ሐይቅ፣ ታንኳና ፏፏቴ። ሆቴልም ከዚያ ወዲህ ትርጉሙ ተለወጠ። አልቤርጎ የሹፌር፣ ሆቴል የፈረንጅና የባለሥልጣን ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መንግሥት በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ አንዱን ውሃ ለሁለት ሰው ቃል ገባው። ለጎብኚው «ና ፏፏቴውን እይ» አለ፤ ለፋብሪካው «ፏፏቴው መብራት ይሰጥሃል» አለ። ማመንጫው ትንሽ በነበረበት ጊዜ ሁለቱ አልተጣሉም። ጥሉ የመጣው በኋላ ነው።

ደግሞም ከተማዋን በሰው የሞላት ጎብኚው አልነበረም። በፈረቃ የሚገባው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ተማሪ፣ መምህሩና ነጋዴው ነው ክፍል የተከራየው፣ ምግብ ቤቱንና ጠላ ቤቱን ያኖረው። በፖስተሩ ላይ ፏፏቴና ታንኳ ይታያል፤ የከተማዋ ኪራይ ግን የሚከፈለው ከጥጥ ነበር።

▪️ የተወረሰ ሆቴል

አብዮቱ ፈነዳ። በ1975 ትልልቅ ሆቴሎች ተወረሱ። በሐይቁ ዳር የነበሩት ጊዮንና ጣና ሆቴል የመንግሥት ነበሩ። የውጭ አገር ጎብኚ የሚዞረው በፈቃድ ወረቀትና በመንግሥት አስጎብኚ ድርጅት በኩል ነው። ጦርነቱ ሰሜኑን እየዘጋ ሄደ። በ1984 የረሃቡ ፊልም በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ ደግሞ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን ፖስተር ማን ያየዋል?

የሚገርመው ምስሉ አለመጥፋቱ ነው። ፏፏቴው በአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ በየሰዉ ኪስ ገባ። አይቶት የማያውቅ ገበሬም፣ ወታደርም፣ ተማሪም ጢስ ዓባይን በእጁ ይዞ ዞረ። የውጭው ጎብኚ በጠፋበት ዘመን ጢስ ዓባይ የአገሬው ሁሉ ሆነ። ሆቴሎቹንም ያቆያቸው አገሬው ነው፦ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ለስብሰባ የመጣው ካድሬ፣ ሠርጉን የደገሰው የከተማ ሰው።

▪️ ፔንሲዮንና ሪዞርት

ከ1991 በኋላ ባሕር ዳር የአማራ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ይህ አንድ ውሳኔ ለሆቴል ንግድ ከማንኛውም የቱሪዝም ማስታወቂያ በላይ ሠርቷል። ቢሮ መጣ፣ ፕሮጀክት መጣ፣ ስብሰባ መጣ። ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው በ2000 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ የምረቃ ሰሞን ከተማው አልጋ የሚታጣበት ሰሞን ሆነ። በ2002 ከተማዋ ከዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማትን አገኘች። ከ2012 ጀምሮ መሪዎችና ምሁራን ስለ አፍሪካ ፀጥታ የሚነጋገሩበት የጣና ፎረም ተስተናገደባት። በ2015 ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኑ በአዲሱ ስታዲየም መጫወት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የጣና አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዘገበ።

ፔንሲዮኑ በየሰፈሩ በቀለ፤ ሪዞርቱ በሐይቁ ዳር ተተከለ። «ጫጉላ የት?» ሲባል «ባሕር ዳር» የሚለው መልስ እንደ ልማድ ሆነ። አበል የሚታሰብበት ዎርክሾፕ ሳምንቱን ይሞላዋል፣ ሙሽራው ቅዳሜና እሑድን ይሞላዋል። ፈረንጁ ጥር ላይ ሲመጣ ደስ ይላል፤ ባይመጣም ከተማው አይዘጋም። ይህ የባሕር ዳር ወርቃማ ዘመን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም በዚሁ ወርቃማ ዘመን ሦስት ነገሮች ከሥር ሲበሉ ነበር።

የመጀመሪያው ፏፏቴው ነው። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ2001 በ73 ሜጋ ዋት ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ውሃው ከፏፏቴው አፍ ላይ ወደ ተርባይን ተጠለፈ። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሐይቁን ውሃ በሌላ አቅጣጫ ወሰደ። በክረምት 400 ሜትር ገደማ ተንጣሎ ይወርድ የነበረውን ፏፏቴ በበጋ ሊያይ የሄደ እንግዳ፣ በድንጋዩ ላይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ አይቶ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራት አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ያስፈልጋል። ግን የጢስ ዓባይ ሰው ገቢው ሲቀንስ «ይህን ያህል ይካስ» ብሎ ሒሳቡን የያዘለት ማን ነበር? በ1964 የተገባው ድርብ ቃል ዕዳው የተከፈለው በአርባ ዓመቱ ነው፤ የከፈለውም ፏፏቴው ሥር በቆሎ ጠብሶ፣ ሻርፕ ሸጦ የሚኖረው ሰው ነው።

ሁለተኛው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ሆቴሉ፣ መሥሪያ ቤቱና የግል ግቢው እየተከታተለ ውሃውን አጠረው። ጣና ዳር የተወለደ ሰው ጣናን ለማየት ቡና ማዘዝ ያለበት ሆነ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት ስም ዳርቻውን ለእግረኛ የመክፈት ሥራ መጀመሩ ራሱ፣ ምን ያህል ተዘግቶ እንደነበር ይመሰክራል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ተንሰራፋ፤ ዓሣ አጥማጁንም ጀልባውንም ያዘ።

ሦስተኛው ወይጦው ነው። ታንኳው በፖስተር ላይ አለ፤ በሆቴል ግድግዳ ላይ አለ፤ በቅርጻ ቅርጽ ሱቅ በትንሹ ተሠርቶ ይሸጣል። ታንኳውን የሚሠራው ማኅበረሰብ ግን ለዘመናት በጎረቤቱ ሲናቅና ከማዕድ ሲለይ የኖረ፣ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ደግሞ ከውሃው ዳር እየተገፋ የሄደ ነው። ደንገሉም እየቀነሰ ነው። የአንድን ሕዝብ ጥበብ ምልክት አድርጎ፣ ሕዝቡን ራሱን ከጓሮ ማስቀመጥ የከተማዋ ትልቁ የእንግዳ አቀባበል ነውር ነው። እነሱ እኮ ባለቤቶች ናቸው።

▪️ ባዶ አልጋ

ከዚያ ክፉ ዓመታት ተከታተሉ። በሰኔ 2019 የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር አምባቸው መኮንን (ዶ/ር) በከተማዋ ውስጥ ተገደሉ። በ2020 ኮሮና መጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በሰሜኑ ጦርነት መጀመሪያ ሮኬት በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተተኮሰ። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ውስጥ ውጊያ ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተዘጋ፣ በረራ ለቀናት ተቋረጠ።

በረራው ተመልሷል። ግን ባሕር ዳርን የሚያቆማት አውሮፕላኑ ብቻ እንዳልሆነ ታሪኳ ራሱ ይናገራል። የሚያቆማት ከሱሉልታ ተነሥቶ፣ ፍቼን አልፎ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ የሚመጣው መንገድ ነው። ሙሽራው፣ የተመራቂ ቤተሰብ፣ ተሳላሚው፣ ነጋዴው የሚመጣው በዚህ ነው። መንገዱ ሲያስፈራ የሚቀረው ይህ ሁሉ ነው። ሰብሳቢውም ቢሆን አዲስ አበባ አጠገብ ቢሾፍቱና አዳማ እያሉለት ምን አደከመው? ከተማዋ ቀደም ባሉት ዘመናት ፈረንጁ ሲቀርባት በአገሬው ትቆም ነበር። አሁን አገሬውም ቀረባት። የዛሬው ችግር ከሁሉም የከፋው ለዚህ ነው።

በግንቦት 2024 ዓባይ ላይ 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ ተመረቀ። ያማረ ድልድይ ነው፤ ፎቶው አገር ምድሩን ዞሯል። ድልድይ ግን ሥራው ማሻገር ነው። የሚሻገር ሰው በሰላም ከቤቱ ወጥቶ በሰላም የሚመለስበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ፎቶ ሆኖ ይቆያል።

▪️ እንግዲህ ምን ይደረግ?

«የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገናል፤ ስለዚህ ቅድሚያ ለውጭ ቱሪስት» የሚል ክርክር አለ። ምንዛሪው እንደሚያስፈልግ ማንም አይክድም። ነገር ግን የውጭ ጎብኚ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸሽና ከሁሉ ዘግይቶ የሚመለስ እንግዳ ነው። አንድ ዜና ያስቀረዋል፤ ለመመለስ ዓመታት ይፈልጋል። በእሱ ላይ ብቻ የተሠራ ከተማ በሰው አገር የዜና ሰዓት ላይ የተሠራ ከተማ ነው። ባሕር ዳር በ1975 ያልወደቀችው ፋብሪካና ትምህርት ቤት ስለነበራት ነው። በ1990ዎቹ ያደገችው ቢሮና ዩኒቨርሲቲ ስለመጣላት ነው። ቱሪስቱ በዚህ ላይ የሚጨመር በረከት ነበር።

ስለዚህ ሰላም ሲወርድ የሚነደፈው ዕቅድ ከማስታወቂያ ፊልም በፊት አራት ነገር ቢያስቀድም ከታሪክ ተምሯል ማለት ነው። አንደኛ፣ የመንገዱ ደኅንነት፤ የሱሉልታው መንገድ ሳይታመን የሪዞርቱ አልጋ አይሞላም። ሁለተኛ፣ የፏፏቴው ድርሻ፤ ቢያንስ በታወቁ ቀናት ውሃው እንዲለቀቅ፣ የጢስ ዓባይ ሰውም ከመብራቱም ከመግቢያ ክፍያውም እንዲካፈል በጽሑፍ መወሰን አለበት። ሦስተኛ፣ የሐይቁ ዳር የነዋሪው እንዲሆን፤ ልጅ ይዞ በነፃ የሚሄዱበት ዳርቻ የሌለው የሐይቅ ከተማ ለባለ ገንዘብ ብቻ የተሠራ ግቢ ነው። አራተኛ፣ ወይጦው በፖስተሩ ላይ ያለው ታንኳ ባለቤት ሆኖ እንዲቆጠር፤ በመሬቱም፣ በደንገሉም፣ በጀልባ ማኅበሩም።

የድሮው የባሕር ዳር ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ሲል ቤት ነበረው። መስተንግዶ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ቤት የሌለው ሰው እንግዳ አይቀበልም። የከተማዋ ሰው በከተማው ተረጋግቶ ያደረ ዕለት፣ እንግዳው መንገዱን ራሱ ጠይቆ ይመጣል።